ጨጓራ አይደለም!

ትናንት ማታ ኦ ኔጌቲቭ ፍለጋ የለጠፍኩትን ያጠፋሁት ደሙ ስለተገኘ ነው። ደም የፈለግኩላት ልጅ ዛሬ ጠዋት ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠይቃለች፣ ተመስገን። ኢንቦክሴን ላጨናነቃችሁት ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። "አስወርዳ ነው አሉ" ብለህ ኮመንት የጻፍከው ሰውዬ ግን... ጾም ላይ ነኝ፣ ዝም ልበል።

ከማህፀን ውጪ እርግዝና ነው። ጽንሱ ማህፀን ሳይደርስ ቱቦው ውስጥ ቀረ። ቱቦ እንደ ማህፀን አይለጠጥም፤ ጽንሱ ሲያድግ ይቀደድና ደሙ ሆድ ውስጥ ይፈሳል። ከላይ ጠብታ ብቻ የታየባት ሴት ድንገት ተዝለፍልፋ የምትወድቀው ለዚህ ነው። ከ100 እርግዝና አንዱ ወይም ሁለቱ እንዲህ ይሆናል። ምልክቱ የሚጀምረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ4ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ነው፣ ሆድ ገና ሳይታወቅ።

ልጅቷ ቁርጠቱ ሲጀምራት ፋርማሲ ሄደች። "ጨጓራ ነው" ተብላ ኦሜፕራዞል ይዛ ተመለሰች። ወይ ጨጓራ! በዚህ አገር ጨጓራ ያልተከሰሰበት ወንጀል የለም። ራስ ምታት፣ ጨጓራ። ማዞር፣ ጨጓራ። ጨጓራ ካልሆነ ታይፎይድ፣ ታይፎይድ ካልሆነ ምች። አክስቴ ሦስቱንም የምታክመው በፌጦ ነው። ልጅ ሆኜ በር ጣቴን ሲቆነጥጠኝ እንኳ "ትንሽ ፌጦ በሎሚ ቅመሺ" ብላኝ፣ ጣቴን ትቼ ለምላሴ አለቀስኩ። እስከ ዛሬ ፌጦ ሲሸተኝ ጣቴ ይጠዘጥዘኛል። አክስትዬ፣ ይህን ካነበብሽ እወድሻለሁ፤ ፌጦው ግን ይቅርብኝ።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ትከሻዋ። ትከሻዬን አመመኝ ስትል ነበር፣ አስተኛኘቴ ነው ብላ ትራስ ቀየረች። ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም ድያፍራምን ሲነካ ሕመሙ ትከሻ ጫፍ ላይ እንደሚሰማ ዛሬ ሐኪሙ ነገረን። ሆድ ደምቶ ትከሻ ሲያም!

ማርገዟን ለማንም አልተናገረችም። "ሦስት ወር ሳይሞላ አይወራም፣ ዓይን ይበላዋል።" ለሰፈር አታውሩ፣ እስማማለሁ፣ ሰፈራችንን አውቀዋለሁ። ለሐኪም ግን ንገሩ። የወር አበባ ቀርቶ ወይም ምርመራው ፖዘቲቭ ብሎ ከእምብርት በታች፣ በተለይ በአንድ ወገን፣ ካመማችሁ ወይም ደም ካያችሁ በዚያው ቀን አልትራሳውንድ ተነሱ። ማዞር ወይም የትከሻ ሕመም ከተጨመረ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ እርግዝና የደረሰባት፣ የማህፀን ኢንፌክሽን ወይም የቱቦ ቀዶ ጥገና የነበራት፣ ሉፕ እያላት ያረገዘች ደግሞ አብልጣ ትጠንቀቅ። ይህ ከሚደርስባቸው ግማሽ ያህሎቹ ግን ከነዚህ አንዱም የለባቸውም። እሷም የለባትም።

ቱቦው ሳይቀደድ ከተደረሰበት ሜቶትሬክሴት በሚባል መርፌ፣ ያለ ኦፕራሲዮን ሊያልቅ ይችላል። ጽንሱን አንስቶ ማህፀን ውስጥ ማስቀመጥ ግን አይቻልም፤ የትም አገር ቢሄዱ አይቻልም። ይህን ለእናቷ ደጋግመን ማስረዳት ነበረብን። እሳቸውም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው "እሺ" ይሉና መልሰው ይጠይቃሉ።

አንዱ ቱቦዋ ወጥቷል። በሌላው ማርገዝ እንደምትችል ሐኪሙ ነግሯታል። እና እናንተ ከአሁኑ "ታዲያ ሌላውን መቼ?" እያላችሁ የምትደውሉ ዘመዶች፦ እባካችሁ፣ ቢያንስ ስፌቱ ይድረቅ።