ቁልቢ «ልትሄዱ» ነው ወይስ «ልትሳለሙ»?

ታህሳስ ሲገባ የከተማችንን ሰው አፍ ልብ ብላችሁ አዳምጡ። አንዱ «ቁልቢ ልወርድ ነው» ይላል። ሌላዋ «ልሳለም ነው» ትላለች። ሦስተኛዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ስለት አለብኝ» ትላለች። አራተኛው ደግሞ ምንም ሳያፍር «እስቲ እኔም ከጓደኞቼ ጋር ዞር ዞር ልበል!» ይላል። የአራቱም ጉዞ ወደ አንድ ተራራ ነው፣ የአራቱም ቀን ታህሳስ 19 ነው። ግን አንድ ቦታ ነው የሚሄዱት? እኔ እጠራጠራለሁ።

አምና ከእነዚህ ከአራቱም ዓይነት ሰዎች ጋር አንድ አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ። መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አዳማን፣ አዋሽን፣ ጭሮን (ትልልቆቹ እስካሁን አሰበ ተፈሪ ነው የሚሉት) እና ሂርናን አልፎ ጨለንቆ ሲደርስ የተኛው ሁሉ ይነቃል። ቁልቢ ቀጥላ ናትና።

ከፊቴ የተቀመጡት ጎረምሶች «ጉዞ» የሚለው ቃል በደንብ ገብቷቸዋል። ጉዞና ጓዝ መቼም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው አይደል? ስፒከር፣ ፍራሽ፣ ሁለት ጀሪካን፣ አንድ ካርቶን ብስኩት… (ሂርና ላይ ወርደው የገዙትን ልተወው!) ከጎኔ ግን ትንሽ ፌስታል ብቻ ታቅፈው የተቀመጡ፣ በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ግዕዙንም ትንሽ ገፋ ያደረጉ አዛውንት ነበሩ። ስፒከሩ ሲጮህ ይቆጣሉ ብዬ ብጠብቅ፣ «ተያቸው፣ እነሱም ነጋድያን ናቸው» አሉኝ።

ነጋዴዎች ማለታቸው መስሎኝ ሳቅኩ። ለካስ ሌላ ነገር ነው። በግዕዝ «ነገደ» ማለት መነገድ ብቻ ሳይሆን መጓዝም ነው። «ነጋዲ» ሲባል ሸቀጥ የያዘውም፣ ቅዱስ ቦታ ሊሳለም የወጣውም፣ አገሩን ትቶ የሚሄደውም መንገደኛ ነው። «እንግዳ» የምንለው ቃልም ከዚሁ የወጣ ነው። እኛ በአማርኛችን ነጋዴውን ለገበያ፣ እንግዳውን ለሳሎን ሰጥተን ቃሉን በታተንነው። ቁልቢ ስትደርሱ ግን ሁሉም ተመልሶ አንድ ላይ ነው። ጧፍ የሚሸጠውም ነጋዲ፣ ጧፍ የሚያበራውም ነጋዲ፣ ከሁለቱ መሃል ተገፍቶ የቆመውም እንግዳ!

ይህን ነገር ለአንድ የባሌ ልጅ ባወራው፣ «የእኛም እኮ እንደዚሁ ነው» አለኝ። ድሬ ሼህ ሁሴን ለዚያራ የሚሄዱት ሰዎች ጫፉ እንደ መንታ ጣት የተከፈለ በትር ይዘው ረጅም መንገድ በእግራቸው ይጓዛሉ። «ጋሪባ» ይባላሉ። በዓረብኛ «ገሪብ» ማለት ምን መሰላችሁ? እንግዳ፣ ባይተዋር!

ዚያራ ካልኩ አይቀር፣ ከተሜው የሚያደባልቃቸውን ቃላት እግረ መንገዴን ልለያቸው። ሐጅ በዙልሂጃ ወር መካ የሚፈጸም፣ አቅም ላለው ሙስሊም በዕድሜው አንዴ ግዴታ የሆነ ነው። ዑምራም ወደ መካ ነው፣ ግን በማንኛውም ወር ይሆናል። ዚያራ መጎብኘት ነው፤ የሼሆችን መቃብርና መታሰቢያ። በክርስቲያኑ ወገን «መሳለም» ከ«ሰላም» የወጣ ነው፤ ደጁን ስሞ ሰላም ማለት። «ንግሥ» ደግሞ የእናንተ መንገድ ሳይሆን የታቦቱ ቀን ነው። ስለዚህ «ንግሥ ልሄድ ነው» ያለ ሰው የዓመት በዓል እንግዳ ነው፣ «ስለት አለብኝ» ያለ ሰው ግን ባለዕዳ ነው። «ስለት» የቢላም ጠርዝ መጠሪያ መሆኑን ሳስብ ትንሽ ያስፈራኛል።

እኔስ የትኛዋ ነበርኩ? የሰው ዕዳ ተሸካሚ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1989 ዓ.ም. አክስቴ ጅዳ ሄደች። በምን? በዑምራ! ክርስቲያን በዑምራ ይሄዳል እንዴ እንዳትሉኝ። በዚያ ዘመን ስንቷ የአዲስ አበባ ልጅ ስሟን ቀይራ፣ ሻሽ ጠቅልላ፣ በዑምራ ቪዛ ገብታ ለሥራ እዚያው ቀርታለች። ሰፈር ውስጥ «በዑምራ ነው የሄደችው» ሲባል ጸሎት ማንም ትዝ አይለውም ነበር፤ የሰው ቤት ሥራ ነው ትዝ የሚለው። የአንድ ሃይማኖት ትልቅ ቃል በደላላ አፍ እንዲህ ሆኖ ነበር።

አክስቴ ድምጿ ሲጠፋ አያቴ ተሳለች። «ልጄን በሕይወት ካሳየኸኝ ጥላ ይዤ፣ ከድሬዳዋ በእግሬ መጥቼ ደጅህን እስማለሁ!» አለች። ከድሬዳዋ ቁልቢ ስልሳ ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ ያውም ዳገቱ! ያም ሆኖ ልጅ አዝለው፣ ድንጋይ ተሸክመው የሚወጡ አሉ፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

አክስቴ የተመለሰችው በ2006 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሳዑዲ ከመቶ ሺህ በላይ የእኛን ሰዎች ስትመልስ እሷም አንድ ፌስታል ይዛ ወረደች። የአያቴ ጉልበት ግን ቀድሞ ሄዷል። ዓመት በመጣ ቁጥር «ዘንድሮ» ትላለች፣ ታህሳስ ያልፋል። ሐምሌ 19 ይመጣል፣ ያልፋል። በመጨረሻ እንቅልፍ አጣች። «ዕዳ ይዤ ልቀበር ነው?» እያለች ሌሊት ታለቅሳለች። ጥላውን ገዝታ ሰጠችኝ።

ቁልቢ ማታ ይበርዳል፤ በቀጭን ጃኬት የምትሄዱ ጉዳችሁ ነው፣ ጋቢ ያዙ። ሰልፉም ሌላ ጉድ ነው። ጥላ፣ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ሰንጋ ሳይቀር ይሰለፋል። ተራዬ ሲደርስ ተቀባዩ ቀና ሳይሉ «የማን ነው?» አሉኝ። የአያቴን ክርስትና ስም ነገርኳቸው። «ደርሷል» አሉ። በቃ! የዚያን ሁሉ ዓመት እንባ በአንድ ቃል ተቀበሉት።

አልሄድኩም። «አባ፣ በእግሬ ብላ ነበር የተሳለችው፣ እኔ የመጣሁት በአውቶቡስ ነው» አልኳቸው። ያኔ ቀና አሉ። «እሱን ለነፍስ አባታቸው ይንገሩ። መፍታት የሚችሉት እሳቸው ናቸው» ብለው ወደ ቀጣዩ ሰው ዞሩ።

ቤት ስገባ አያቴ «ደረስሽ?» አላለችኝም። «ሳምሽልኝ?» ነው ያለችኝ። ስሜላት ነበር፤ አዎ አልኳት። እጄን ይዛ ብዙ ቆየች። የነፍስ አባቷም መጥተው «በጉልበት እጦት ነው፣ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ተፈትተሻል» አሏት። እሷ ግን ጥላውን እንጂ እግሩን ሂሳብ ውስጥ አላስገባችውም። አሁንም «ግማሹ ይቀረኛል» ትላለች።

ይህን የሰማችው አክስቴ ለሐምሌ ከድሬዳዋ በእግሯ ልትወጣ ቆርጣለች። በዑምራ ሄዳ ያመጣችውን ዕዳ በቁልቢ ልትከፍል ማለት ነው። ሰሞኑን መርካቶ ለመንገድ የሚሆን ምቹ ጫማ እየፈለገች ነው። አያቴ ደግሞ ከአልጋዋ ሆና «ጫማ ደግሞ ምን ሊያደርግላት?» ትላለች።