የማታው ልቅሶና የአባት ትከሻ

መምህር የሆነ ሰው ስለ ሰዋስው ወይም ስለ ሒሳብ ቢጽፍ የሚደነቅ የለም። ስለ ጨቅላ ሕፃን የሆድ ነፋስ የጻፈ እንደ ሆነ ግን «በሴቶች ጓዳ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። እኔም ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት እንዲሁ ባልሁ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት ከመካነ ሰላም ገበያ ስመለስ፣ ቀድሞ ያስተማርሁት አንድ ጐልማሳ በመንገድ አገኘኝ። የሦስት ሳምንት ልጁ ማታ ማታ እያለቀሰ ቤተ ሰቡን እንቅልፍ እንደ ነሣ፣ በማግሥቱም እንጥል ቆራጭ ሊያስመጣ እንዳሰበ ነገረኝ። ከመንገዱ ዳር አስቀምጬ በቤቴ የሆነውን አጫወትሁት። ለእርሱ የነገርሁትን ለእናንተም እጽፈዋለሁ።

የበኵር ልጄ የተወለደው በጥቅምት ወር፣ የደጋው ብርድ በሚበረታበት ጊዜ ነው። ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቶ ከመተኛት በቀር ሌላ ሥራ አልነበረውም። በሦስተኛው ሳምንት ግን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልቅሶ ጀመረ። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ አንዳንድ ቀንም እስከ 4 ሰዓት፣ ፊቱ እንደ በርበሬ እየቀላ፣ እግሩን ወደ ሆዱ እየሰበሰበ፣ ጣቶቹን ጨብጦ ይጮኻል። ሆዱ እንደ ከበሮ ይወጠራል፤ ነፋስ ሲወጣለት ጥቂት ዝም ብሎ እንደ ገና ይጀምራል። ሲነጋ ምንም እንዳልሆነ ሰው ደኅና ይሆናል።

አማቴ ለማረስ ከገጠር መጥተው ነበርና መድኃኒቱን ያውቁታል። ለጋ ቅቤ በጣታቸው ያስልሱታል፤ ጤና አዳም የተነከረበት ውሃ ያጠጡታል፤ ሲብስም የአብሽ ውሃ ይጨምራሉ። ሁሉም በፍቅር የሚደረግ ነበር። እኔ ደግሞ ድቁናንም ዘመናዊውንም ትምህርት የተማርሁ ነኝ በማለት በሌላ መንገድ ተሳሳትሁ። ደሴ ለስብሰባ በሄድሁ ጊዜ ከአንድ መድኃኒት ቤት ግራይፕ ዎተር የሚባለውን የጠርሙስ ውሃ ገዝቼ መጣሁ። በዚህም ሳልወሰን፣ «ነፋሱ ከእናቲቱ ምግብ የሚመጣ ነው» የሚለውን ወሬ አምኜ ባለቤቴን ሽሮ፣ ባቄላ፣ ምስርና ጎመን ከለከልኋት። በእኛ አገር ደጋ ከእነዚህ ሌላ የሚበላ ምን እንደሚቀር ሳላስብ ነው።

ዐሥር ቀን ያህል ደረቅ እንጀራና አጥሚት ብቻ በላች። ፊቷ ከሳ፤ ወተቷም የቀነሰ መሰላት። ልጁ ግን እንደ ቀድሞው ያለቅሳል። አንድ ማታ እንጀራውን ወደ ጐን ገፋ አድርጋ፣ «ልጁ የሚበላው ከእኔ ነው፤ እኔስ ከምን ልብላ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። በዚያው ሌሊት ደግሞ አማቴ ቅቤውን ሲያስልሱት ሕፃኑ ትን አለው። ትንፋሹ ተቋረጠ፤ ከንፈሩም ጠቆረ። ጀርባውን እየመታን አንድ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ተመለሰ፤ ለእኛ ግን ዘመን ሆኖብን ነበር።

በማግሥቱ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወደ ቤት መጣች። እነዚህ ሴቶች ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን በየቀበሌው የተመደቡ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያስተምሩ ናቸው። ልጅቷ መድኃኒት አላወጣችም፤ ተቀምጣ ሕፃኑ ሲጠባ ብቻ ተመለከተች። ከዚያም «መምህር፣ ልጁ ከወተቱ ጋር የቤቱንም አየር እየዋጠ ነው» አለችኝ። የጡቱን ጫፍ ብቻ ይዞ ነበርና ሲጠባ ጧ ጧ ይል ነበር። አፉን በሰፊው እስኪከፍት ጠብቃ፣ በጫፉ ዙሪያ ያለውን ጠቆር ያለ ክፍል ጭምር እንዲይዝ አደረገችው፤ ድምፁም ጠፋ። ጠብቶ ሲጨርስ ባለቤቴ እጇን ዘረጋች፤ ልጅቱ ግን ሕፃኑን ወደ እኔ አዞረችና «እርስዎ ይያዙት» አለችኝ።

እውነቱን ልናገር፤ እስከዚያች ቀን ልጄን ታቅፌው አላውቅም ነበር። በአገራችን ወንድ ልጅ የሚታቀፈው አንገቱ ከጸና በኋላ ነው። ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላልና እጄ ተንቀጠቀጠ። ደረቱን በትከሻዬ ላይ አስደግፌ፣ አንድ እጄን ከመቀመጫው ሥር፣ አንዱን ከአንገቱና ከጀርባው ላይ አድርጌ፣ ጀርባውን በቀስታ ቸብ ቸብ እንዳደርግ አሳየችኝ። ጥቂት ቆይቶ ከዚያ ከትንሽ ሆድ የማይጠበቅ ግሳት ወጣ፤ አማቴም ሳቁ።

ልጅቱ ያስተማረችንን ከዚህ እንደሚከተለው አሰፍራለሁ። ሕፃኑን ጡት በሚቀየርበት ጊዜና ጠብቶ ሲያበቃ ማስገሳት ይገባል። በትከሻ ላይ ቢሆን፣ ወይም በጭን ላይ አስቀምጦ አገጩን በእጅ ደግፎ፣ ወይም በጭን ላይ በደረቱ አስተኝቶ ጀርባውን ማሻሸት ይቻላል። በጥቂት ደቂቃ ካላገሳ ማስጨነቅ አያስፈልግም። ማልቀስ ሳይጀምር፣ ከንፈሩን ሲልስና እጁን ወደ አፉ ሲወስድ ቢጠባ ይሻላል፤ የሚያለቅስ ሕፃን በልቅሶው ብዛት አየር ይውጣልና። ሆዱ በተወጠረ ጊዜ በጀርባው አስተኝቶ ጕልበቶቹን በየተራ ወደ ሆዱ ማጠፍና መዘርጋት፣ በሞቀ እጅም ሆዱን በእኛ አንጻር ከግራ ወደ ቀኝ፣ የሰዓት ዘንግ እንደሚዞር፣ በቀስታ ማሸት ነፋሱን ይረዳዋል፤ የትልቁ አንጀት መንገድ እንደዚሁ ነውና። መጠቅለያውም ሆዱንና እግሩን የሚያስር አይሁን። ነቅቶ ሳለ፣ ሰው እየተመለከተው፣ በደረቱ መተኛቱ መልካም ነው፤ ለእንቅልፍ ግን ሁልጊዜ በጀርባው ይተኛ።

አማቴ ይህን ሲሰሙ፣ «በጭን ላይ በሆድ ማስተኛቱንና በሞቀ እጅ ማሸቱን እኛም እናውቀዋለን፤ አንቀልባውስ?» አሉ። ልጅቱም አዎን አለች። በአንቀልባ የታዘለ ሕፃን ቀጥ ብሎ፣ ሆዱ በእናቱ ሙቅ ጀርባ ላይ ዐርፎ፣ በእርምጃዋ እየተወዛወዘ ይጽናናል፤ አንገቱ እስኪጸና ድረስ ግን ራሱ እንዳይንጋለል፣ አፍንጫውም እንዳይታፈን ተጠንቅቆ ከደረት ጋር ማቀፍ ይገባል። እንግዲህ የአያቶቻችን ጥበብ በእጃቸውና በጀርባቸው ላይ የነበረው ነው፤ ስሕተቱ በሕፃኑ አፍ በሚገባው ላይ ነበር።

ስለ ሽሮውም ጠየቅኋት። በእናቲቱ ሆድ ውስጥ የሚፈጠረው ነፋስ በአንጀቷ ይቀራል እንጂ ወደ ደምና ወደ ወተት እንደማይሻገር፣ ስለዚህ የምታጠባ ሴት ሳትሳቀቅ መብላት እንደሚገባት ነገረችን። ቡና ግን በመጠን ይሁን አለች፤ የቡናው ኃይል በወተት በኩል ያልፋል፤ የጨቅላ ሰውነትም ቶሎ አያስወግደውም። በዚያን ዕለት ማታ ባለቤቴ ሽሮ ስትበላ እኔ ቀና ብዬ ማየት አፈርሁ።

ልቅሶው ግን በአንድ ቀን አልተወንም። ኋላ እንደ ተረዳሁት፣ ይህ ነገር በዓለም ሁሉ ያለ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. ሞሪስ ዌሰል የተባለ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ መለኪያ አወጣለት፤ ይኸውም ጤነኛና ጠግቦ የሚጠባ ሕፃን በቀን ከ3 ሰዓት በላይ፣ በሳምንት ከ3 ቀን በላይ፣ ከ3 ሳምንት በላይ ሲያለቅስ ማለት ነው። መንስኤው እስከ ዛሬ ተለይቶ አልታወቀም፤ ነፋሱም ብቻውን ምክንያት አይመስልም። አካሄዱ ግን የታወቀ ነው፤ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ሳምንት ይጀምራል፣ በ6ኛው ሳምንት ገደማ ይበረታል፣ በ3ኛውና በ4ኛው ወር መካከል ይተዋል። እንግዲህ በእኛ ቤት አቆጣጠር ብንናገር፣ ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣበት 40ኛ ቀን የልቅሶው ጫፍ ነው፤ የሴቷ 80 ቀን ሲደርስ ግን መብረዱ የተቃረበ ነው። በልጄ ክርስትና ቀን ጩኸቱ ቤተ ክርስቲያኑን ሲሞላው ሌሎች ቢያፍሩም እኔ ቀኑን ቆጥሬ ዝም አልሁ።

በእነዚያ ሳምንታት የማታው ተራ የእኔ ሆነ። ልጄን በትከሻዬ አድርጌ፣ በምድጃው ጭስ እንዳይታፈን ከማጀቱ ርቄ፣ ከበሩ እስከ መደቡ እመላለሳለሁ። በልጅነቴ መቋሚያ ተደግፌ ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት መቆም ሲያታክተኝ፣ ጥቅሙ ምን እንደ ሆነ አላውቅም ነበር። አሁን ያንኑ የግዕዝ ዜማ ያለ ቃል በአፍንጫዬ ሳዜም ልጁ ጆሮውን ከአንገቴ ላይ ያሳርፍ ነበር። ዜማው ይርዳው ወይም የደረቴ ንዝረት፣ እኔ አልፈርድም፤ ሦስት ሰዓት ቆሞ አለመማረርን ግን ከዚያ ተምሬአለሁ። ትዕግሥቴ ባለቀ ጊዜም ለባለቤቴ ወይም ለአማቴ እሰጠዋለሁ። የሚይዝ ሌላ ሰው ከሌለ ሕፃኑን በጀርባው አስተኝቶ ለጥቂት ደቂቃ ወጣ ብሎ መመለስ ይሻላል። በቁጣ ሕፃንን መነቅነቅ አንጎሉን ያደማል፤ ይገድላልም።

ያ የደሴ ጠርሙስስ? ግራይፕ ዎተርን በ1851 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም የቀመመው ዊልያም ዉድዋርድ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ ነው። በመጀመሪያ የእንስላል ዘመድ የሆነ ተክል ዘይት፣ ሶዳ፣ ስኳርና አልኮል ነበረበት፤ ሕፃናቱ ዝም ቢሉ ምን ይደንቃል? የዛሬው አልኮል ባይኖርበትም የሆድ ቁርጠትን ለማዳኑ በቂ ማስረጃ የለም። እስከ 6 ወር ሐኪም ካዘዘው መድኃኒት በቀር ከእናት ጡት ሌላ ውሃም ቢሆን አያስፈልግም። ውሃው ተቅማጥ ያመጣል፤ ትንሹንም ሆድ ሞልቶ ከወተቱ ያስታጕለዋል። ማር አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን መርዝ ሊሆን ይችላል። እንጥል መቁረጥማ ደም ማፍሰስንና መመረዝን እንጂ ለሆድ የሚሰጠው የለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችንም በአንቀጽ 561 ጨቅላን ቅቤ ማዋጥንና እንጥል መቁረጥን በስም ጠቅሶ ከጎጂ ልማዶች ቆጥሯቸዋል።

ሆኖም ልቅሶን ሁሉ «ነፋስ ነው» ማለት ሌላ አደጋ ነው። ሕፃኑ ከ38 ዲግሪ የደረሰ ትኵሳት ካለው፣ ጡት እንቢ ካለ፣ አረንጓዴ ካስመለሰው፣ ወይም በጠባ ቍጥር አርቆ ከተፋ፣ ከሰገራው ጋር ደም ከታየ፣ ሆዱ ጠንክሮ ካልለሰለሰ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ከደነዘዘ ወይም ካንቀጠቀጠው፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ከአባይ በረሃ አፋፍ ያሉ ቤቶች ከመንገድ የራቁ ናቸውና፣ ሳይነጋ መነሣት እንጂ ገበያ ቀን መጠበቅ አይገባም።

አማቴ ወደ አገራቸው ሊመለሱ በተነሡበት ዋዜማ፣ ልጁ ሦስት ወር ተኩል ሆኖት በእግራቸው ሥር ለብቻው እየተጫወተ ሳለ፣ «መምህር፣ እኔ ዘጠኝ ወልጄ ነበር፤ ያደጉልኝ ሰባቱ ናቸው» አሉኝ። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ሁለቱን ምን እንደ ነሣኝ የነገረኝ አልነበረም» ብለው ጨመሩ። ከዚያ በኋላ የቅቤውን ነገር በቤታችን ያነሣው የለም። በመንደራቸው አራስ ስትኖር ግን እርሳቸው ሄደው አባትየውን እየጠሩ ትከሻ ላይ ያሲዛሉ ይባላል።

ያ ጐልማሳም ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ «ታዲያ ዛሬ ማታ ምን ላድርግ?» አለኝ። «ቆራጩን ተውና ጋቢህን ለብሰህ ልጅህን ያዝ፤ ቢበዛ ሦስት ወር ያህል ነው የቀረህ» ብዬ አሰናበትሁት።