ፍጥነቱ በር ላይ ደርሶ ጓዳ አልገባም



ውድ እህት ወንድሞች፣ ዛሬ የምናካፍላችሁ በራሳችን ቤት የደረሰ ነገር ነው። ጉዳዩ የዋይፋይ ነው። ቀላል ይመስላል፤ እኛን ግን ብዙ ብርና ብዙ ወራት አስከፍሎናል። ከብሩ ይልቅ የሚቆጨን ወራቱ ነው።

ያደግነው ወሎ ሰፈር፣ ከኢትዮ ቻይና መንገድ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ነው። ቤት ያለነው ሦስት ነን። ታላቅ እህታችን ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። የጅዳና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ስለሆነ፣ እናታችን ከዒሻ ሰላት በኋላ ከጓሮ ባለችው ክፍሏ ቁጭ ብላ ስልክ ትጠብቃለች። ስልኩ ይመጣል፤ ምስሉ ግን ወዲያው ይደርቃል። የእህታችን ፊት ይደበዝዛል፣ ይቆራረጣል። እማ "አብሽሩ፣ ድምጿ ይበቃኛል" ትላለች። ስልኩን ስትዘጋ ግን መስታወቱን በሻርፗ ጫፍ ትወለውለዋለች፣ ችግሩ የአቧራ ይመስል።

ለእኛ መፍትሔው አንድ ብቻ መሰለን፦ ፓኬጅ ማሳደግ። ከ10 ሜጋ ቢት ወደ 50 አሳደግነው፤ ወርሃዊ ክፍያውም አብሮ አደገ። ያን ማታ ሦስታችንም እማ ክፍል ተሰብስበን ጠበቅን። ምስሉ እንደ ድሮው ደረቀ።

መስመሩ ነው ብለን አማረርን። ሊያይ የመጣው ባለሙያ ላፕቶፕ አውጥቶ ከሞደሙ ጋር በኬብል አያያዘና ለካ። 48 አለ። "መስመራችሁ ደህና ነው፤ ችግሩ ከዚህ ወዲህ ነው" ብሎን ሄደ። ስላላመንነው ስልካችንን ይዘን ክፍል ለክፍል እየዞርን ለካን። ሳሎን 19፣ ኮሪደር 8፣ እማ ክፍል 2 እንኳ አይሞላም። ለካ የገዛነው ፍጥነት ደጃፋችን ድረስ መጥቶ ነበር፤ ጓዳ አልገባም እንጂ። ሮቶው ሞልቶ ቧንቧው ቢደፈን፣ ሁለተኛ ሮቶ መግዛት ምን ይጠቅማል?

የቪዲዮ ጥሪ ብዙ አይፈልግም። ለአንድ ስልክ ሁለት ሦስት ሜጋ ቢት፣ ሳይቆራረጥ ከደረሰ፣ ለጥሩ ምስል በቂ ነው። የድሮው 10 ሜጋ ቢታችን ለእማ ይበቃት ነበር ማለት ነው።

እግረ መንገዳችንን ብዙዎቻችንን የሚያሳስት ነገር እናንሳ። ፓኬጅ የሚሸጥልን በሜጋ ቢት ነው፤ ፋይል ስናወርድ ስልካችን የሚያሳየን ግን ብዙ ጊዜ በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ 50 የገዛ ሰው ሲያወርድ 6 ቢያይ ተጭበርብሯል ማለት አይደለም።

ታዲያ ፍጥነቱ መንገድ ላይ የት ጠፋ? የመጀመሪያው ምክንያት ቦታው ነው። ራውተራችን ሳሎን ቡፌው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተሸጉጦ ነበር። ከእሱ እስከ እማ ክፍል ሁለት የብሎኬት ግድግዳና አንድ የብረት በር አለ። ብረት ሞገዱን ይመልሰዋል፤ ብሎኬትና ኮንክሪት ደግሞ ያዳክሙታል። ሁለተኛው ራውተሩ ራሱ ነው። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ብቻ የሚሠራ አሮጌ ነበር። ይህ ሞገድ ግድግዳ በመሻገር ይሻላል፤ ነገር ግን መንገዱ ጠባብ ነው። እርስ በርስ የማይነካኩ ቻናሎቹ ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። ዙሪያችን ፎቅ በፎቅ ስለሆነ ስልካችን የሚያሳየን የጎረቤት ዋይፋይ ከሠላሳ በላይ ነው። ያ ሁሉ ቤት በሦስት መስመር ይጋፋል። 5 ጊጋ ኸርዝ ሰፊና ፈጣን ነው፤ ድክመቱ ግድግዳ አለመውደዱ ነው።

የመጀመሪያው የዋይፋይ ደረጃ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ አገራችን ውስጥ የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። ዛሬ ፋይበር በየሰፈሩ እየገባ ነው። እኛ ግን አዲሱን ፋይበር በአሮጌ ሳጥን እየተቀበልን "ኢንተርኔቱ ደካማ ነው" እንላለን።

ይህን ካወቅን በኋላም ሁለት ጊዜ ተሳስተናል። አንደኛ፣ ርካሽ ሪፒተር ገዝተን እማ ክፍል ሰካን። ሪፒተር የሚደግመው የደረሰውን ነው፤ እዚያ የሚደርሰው 2 ከሆነ ከ2 በላይ ከየት ያመጣል? የግድ ከሆነ የሚቀመጠው መሀል ላይ፣ ሞገዱ ገና ሳይደክም ነው። ያኔም ቢሆን ባለ አንድ ሞገዱ ዓይነት በአንድ አፍ እየሰማ ስለሚያወራ ፍጥነቱን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ስህተት ያሳፍረናል። ራውተሩ ውስጥ ገብተን ስናይ 21 ስልክና ላፕቶፕ ተያይዟል። ፓስወርዳችን ግቢውን ዞሮ አዳርሶታል። ተናደን ያኔውኑ ቀየርነው። በማግስቱ ለማትሪክ የምትዘጋጅ የጎረቤት ልጅ ደብተሯን አቅፋ በር ላይ ቆመች፤ ምንም አላለችም፣ "ዋይፋይ ጠፋ እንዴ?" ብቻ። እማ ሰማች። ልጅቷ ስትሄድ ጠራችንና "ውሃ ብትጠይቃችሁ ትከለክሏት ነበር?" አለችን። የምንመልሰው አጣን። የጎረቤትን ሐቅ እሷው ናት ያስተማረችን።

በመጨረሻ የሠራነው ይህንን ነው። ሁለቱንም ሞገድ የሚሠራ አዲስ ራውተር ገዝተን ከቡፌው አውጥተን ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥነው። ከሱ እስከ እማ ክፍል 25 ሜትር ካት 6 ኬብል በጣራው ጠርዝ ዘረጋን። ይህ ዓይነቱ ኬብል እስከ 100 ሜትር ፍጥነቱን ሳይቀንስ ይወስዳል። በኬብሉ ጫፍ የድሮውን ራውተር ሰካን። ዲኤችሲፒውን አጥፍተን፣ ቻናሉን ቀይረን፣ ስሙንና ፓስወርዱን ከአዲሱ ጋር አንድ አደረግነው። ያረጀ ያልነው ሳጥን እዚያች ክፍል ሲገባ ከበቂ በላይ ሆነ። ለጎረቤት ደግሞ አዲሱ ራውተር ላይ የእንግዳ ኔትዎርክ ከፈትን፤ ከእኛ ዕቃዎች የተለየ፣ የፍጥነት ጣሪያ ያለው። ልጅቷም ታጠናለች፣ የእማም ስልክ አይቆራረጥም። መብራት ሲጠፋ ሞደሙንና ራውተሩን የምታቆይ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪም ጨመርን።

ከ100 ሜጋ ቢት በላይ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር አስቀድማችሁ እዩ፦ የብዙ አሮጌ ራውተሮች የኬብል መሰኪያ ከ100 አያሳልፍም። ጊጋ ቢት የሚል ካልሆነ የቀረውን በከንቱ ትከፍላላችሁ።

እማ ክፍል ለካን፤ 31። ማታ ስልኩ ጮኸ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። እኛ ተያይተን ፈገግ አልን፤ እማ ግን ፈገግ አላለችም። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ዝም ብላ አየቻትና "ልጄ፣ ከስተሻል" አለቻት። እህታችን "ካሜራው ነው እማ" አለች። እማ "ካሜራው አሁን ነው የተስተካከለው" ብላ መለሰችላት። ከዚያ በኋላ ነው እህታችን ለወራት ሆዷን እንደሚያማት፣ እንዳንጨነቅ ብላ እንደደበቀችን የነገረችን። አሁን ሐኪም አይቷታል፣ መድኃኒት ላይ ናት፤ አልሐምዱሊላህ። ዱዓ አድርጉላት።

እኛ ፓኬጅ ስናሳድግ፣ ሪፒተር ስንገዛ፣ ጎረቤት ስንከለክል፣ እሷ በዚያ ደብዛዛ ምስል ውስጥ ታማ ነበር። ባለሙያው ችግሩ ከሞደሙ ወዲህ መሆኑን ሲነግረን ሰምተነው ቢሆን ኖሮ ቀድመን እናይላት ነበር።

ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ለኩ። መጀመሪያ ሞደሙ አጠገብ በኬብል፣ ከዚያ በየክፍሉ። ሳሎን ላይ ግን አታቁሙ። እናታችሁ ቁጭ ብላ ስልክ የምትጠብቅበት ቦታ ድረስ ሂዱና እዚያ ለኩ።