የኮቺ ምሽት
በሕንድ አገር፣ በኬራላ ክፍለ ሀገር፣ በኮቺ ከተማ አንዲት ምሽት ብቻ ብትኖራችሁ ምን ትመለከታላችሁ? በአንዳንድ ሆቴል ለራት ተመጋቢው ከየስፍራው ጭፈራ እየተቆነጠረ ይቀርባል። እኔ ግን ካታካሊን መረጥሁ፤ ለእናንተም የምመክረው እርሱኑ ነው።

በካታካሊ ተዋናዩ ቃል አይተነፍስም፤ የ«ማሃባራታ»ንና የ«ራማያና»ን ታሪኮች በእጁ ምልክት፣ በዓይኑና በቅንድቡ ይተርካል። ግጥሙን ከኋላው የቆሙ ዘፋኞች ያዜሙለታል፤ ከበሮውም ያጅበዋል። ትዕይንቱ ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ያህል ቀድማችሁ ድረሱ፤ በብዙው ቦታ ተዋናዩ ፊቱን ሲቀባ ማየት ይፈቀዳልና። አረንጓዴው ቀለም የደግ ጀግና ምልክት ነው። በጉንጩ ዙሪያ ነጭ ጠርዝ ይሠሩለታል፤ ዓይኑም እንዲቀላ ከቆቡ ሥር አንዲት ትንሽ ፍሬ ይከታል። ለእኔስ ከትዕይንቱ ይልቅ ያ ዝግጅት በለጠብኝ ለማለት ምንም አይቀረኝም።

በቤተ መቅደስ በዓል ካታካሊ እስኪነጋ ይዘልቃል፤ ለመንገደኛ የሚቀርበው ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ማጠሩን የሚነቅፉ አሉ። እኔ አልነቅፈውም፤ ምልክቶቹ አስቀድመው ሲተረጐሙለት እንግዳው የሚያየውን ያውቃል፤ ለዓመታት የሠለጠነው ተዋናይም ከመግቢያው ዋጋ መተዳደሪያ ያገኛል። በራት ገበታ ፊት የሚጨፍረውን ግን ማን ልብ ብሎ ያየዋል?