«ለምን» የተባለው ልጅ

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት እንደ ተዘጋ የእኅቴን ልጅ ይዤ በሰፈራችን ወደሚገኝ አንድ የአናጢ ቤት ወሰድሁት። ልጁ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ለደብተር ብዙም አይቸኩልም፥ ነገር ግን የተሰበረ ወንበር ያየ እንደ ሆነ ሳይጠግነው አያድርም። እናቱም፥ «ወንድሜ፥ ይህ ልጅ በእጁ የሚያድር ነውና ከባለሙያ አገናኘው» ብላ ለምናኝ ነበር። ባለቤቱን አነጋገርኋቸውና ለሁለት ወር ተቀበሉት።

በሰባተኛው ሳምንት ቀን በቀን ወደ ቤት ተመለሰ፤ ከእንግዲህም ወደዚያ አልሄድም አለ። ማታ ከጸሎት በኋላ ምክንያቱን ብጠይቀው እንዲህ ሲል ነገረኝ፤ «ጋሼ፥ በመጀመሪያው ሳምንት ሳንቃው ሁሉ አንድ መስሎኝ፥ ይህኛውን ትታችሁ ያንን የምታነሡት ለምንድን ነው? ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም ሣቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ‹ለምን› ሆነ። ‹ለምን፥ መዶሻ አቀብል! ለምን፥ ውሃ ቅዳ!› ይሉኛል።»

ጉዳቱ ግን በስም ብቻ አልቀረም። ለአንዲት ቁም ሣጥን በር ሳንቃ መርጦ እንዲልግ ታዝዞ፥ ዳግመኛ መጠየቅን ስለ ፈራ፥ እርጥብ ዋንዛ አንሥቶ ላገ፤ ሌላውም የቀረበለትን ሳይመረምር ገጠመው። ዕንጨት ሲደርቅ በቁመቱ እምብዛም አያጥርም፥ በወርዱ ግን ይሰበሰባል። ወር ሳይሞላ መጋጠሚያው ተከፈተ፥ በሩም ተጣመመ። ኪሳራው የባለቤቱ፥ ስድቡ ሁሉ የልጁ ሆነ።

ይህን ስሰማ የራሴ ወጣትነት ትዝ አለኝ። በዲቁናዬ ዘመን ከአንድ ቁም ጸሐፊ ዘንድ ብራና መፋቅ ልማር ገብቼ ነበር። የፍየሉ ቆዳ በውሃ ተነክሮ ይሰነብትና በመወጠሪያው ላይ ይወጠራል፤ በሥጋው በኩል ያለው ስብ ይፋቃል፤ በሌላው በኩል ጠጉሩ ይላጫል። ከደረቀ በኋላ ግን ሁለቱ ገጾች ለእኔ ዐይን አንድ ነበሩና፥ «የኔታ፥ የጠጉሩ ወገን በምን ይታወቃል?» ብዬ ጠየቅሁ። ታላላቆቹ ተማሪዎች ተንፈቀፈቁ።

የኔታ መፋቂያቸውን አስቀመጡ። «ና ልጄ» አሉኝ። ብራናውን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው፥ ጠጉሩ የነበረበት ገጽ ወደ ቢጫነት የሚያደላና ጥቃቅን ነቁጥ ያለበት፥ የሥጋው ገጽ ግን የነጣና የለሰለሰ መሆኑን አሳዩኝ፤ ዐይኔንም አስጨፍነው በአውራ ጣቴ አስዳሰሱኝ። ከዚያም ከሣቁት ወደ አንዱ ዘወር ብለው፥ «አንተስ፥ በጥራዝ ውስጥ የጠጉሩ ገጽ ከጠጉሩ ገጽ ጋራ ፊት ለፊት የሚውለው ለምንድን ነው?» አሉት። ዝም አለ። ሲደረግ አይቶ ያደርግ ነበር እንጂ ጠይቆ አያውቅም። መጽሐፉ ሲገለጥ ቀኙና ግራው አንድ መልክ እንዲኖረው መሆኑን ያን ዕለት ሁለታችንም ተማርን።

በጀማሪ የሚሥቅ ሁሉ ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም። በአገራችን ቀጥቃጩና ሸማኔው፥ ፋቂውና ሸክላ ሠሪው ለብዙ ዘመን በሙያቸው ሲሰደቡ ኖረዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መሳደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸው ነገሩ ምን ያህል የከፋ እንደ ነበረ ያስረዳል። እንዲህ የተናቀ ሰው ሙያውን ከልጁ በቀር ለማንም ባይገልጥ፥ ያለው ርስት እርሱ ብቻ ነበርና፥ እኔ አልፈርድበትም። ነገር ግን ላስተምር ብሎ የሰውን ልጅ የተቀበለ ባለሙያ ይህን ምክንያት ሊያነሣ አይችልም።

በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 8 የተጻፈውን የአገራችንን ጃንደረባ ነገር ሁላችንም እናውቃለን። በንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ ላይ የተሠለጠነ ሹም ሲሆን፥ የሚያነበውን የነቢዩን ቃል የሚያስረዳው ሰው እንደሚያስፈልገው ለመናገር አላፈረም። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ግን የፊልጶስ ነገር ነው፤ ወደ ሠረገላው ወጥቶ ሰውየው ካቆመበት ከዚያው ቦታ ጀመረለት።

እኔም በዚህ ነገር ንጹሕ አይደለሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ማካፈል ሳስተምር አንድ ተማሪ «ቀሪ ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ፥ «ይህንንማ ታናሽ ወንድምህ ያውቀዋል» አልሁት። ክፍሉ ሣቀ፤ እኔም አብሬ ሣቅሁ። በፈተናው ቀን ወረቀቱን ስመለከት የማካፈሉ ጥያቄ ሁሉ ባዶውን ነበር። ያን ወረቀት እስከ ዛሬ አልጣልሁትም።

ስለዚህ ወደ አናጢው የሄድሁት ለመውቀስ ሥልጣን እንዳለው ሰው ሆኜ አልነበረም። እርሳቸውም ቅን ሰው ናቸው። «የኔታ፥ እኛ በጥፊ ነው የተማርነው፤ ይህ ልጅ በሣቅ ቢማር ምን ጎደለበት?» አሉኝ። «በእርሱስ ምንም አልጎደለበት ይሆናል፤ የጎደለው የእርስዎ በር ነው» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «ነገ ይዘውት ይምጡ» አሉ።

በማግሥቱ ከጓሮ ሁለት ቍራጭ ዋንዛ አምጥተው በልጁ ሁለት እጆች ላይ አኖሩለት። ክብደቱን እንዲመዝን፥ ከዚያም እያንዳንዱን በጣቱ እያንኳኳ እንዲያዳምጥ አደረጉት፤ ደረቁ ጥርት ብሎ ይጮኻል፥ እርጥቡ ግን ድምፁ የታፈነ ነው። ልጁ ብዙ ከቆየ በኋላ አንገቱን ደፍቶ፥ «ታዲያ በፀሐይ ብናሰጣው ቶሎ አይደርቅም?» አለ። ሠራተኞቹ ቀና ብለው ባለቤቱን አዩ። ማንም አልሣቀም። «በፀሐይ የተቻኮለ ይሰነጠቃል» አሉ አናጢው፤ «በጥላ፥ በየመካከሉ ቀጫጭን ዕንጨት እየገባ፥ ነፋስ እንዲያልፍበት ሆኖ ይደረደራል። ና ላሳይህ።»

«ለምን» የሚለው ስም ግን እስከ አሁን አልቀረለትም፤ እርሱም ሲጠሩት አቤት ይላል። ወደ ቤቴ በመጣ ቍጥር በሩን ሁሉ በጣቱ ያንኳኳል። የጓዳችን በር እርጥብ ባሕር ዛፍ ሳለ መሠራቱን ነግሮኛል። ሳይሆን አይቀርም፤ ከተገጠመ ጀምሮ ተጣሞ እስከ ዛሬ አልዘጋ ብሎናል።