ምግቡ ሳይደርስ የሚደርሰው መልእክት

አፍ ምራቅ የሚሞላው ምግቡ ከመቅረቡ በፊት መሆኑን ማንም ያውቃል። በተለይ በረመዷን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ የሳምቡሳው ሽታ ከማጀት ሲመጣ፣ ይህን የማያውቅ ጾመኛ የለም። ከምራቁ ጋር ቆሽትም አብሮ እንደሚሰናዳ ግን ብዙዎቻችን አናስተውልም።

እኛ መምህራን ለልጆች ስናስረዳ ነገሩን ከሩሲያዊው ተመራማሪ ከኢቫን ፓቭሎቭ እንጀምራለን። ፓቭሎቭ እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር ነው። ውሻው የዋጠው ሥጋ ጨጓራው ሳይደርስ በአንገቱ በኩል እንዲወጣ አድርጎ ቢመለከት፣ ጨጓራው ባዶውን እያለ ፈሳሹን አመነጨ። ከአንጎል ወደ ሆድ ዕቃ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ ሲቆረጥ ግን ፈሳሹ ቆመ።

ቆሽትም ከዚሁ ነርቭ ትእዛዝ ይቀበላል። ምግብ ስናሸት፣ ይልቁንም ምላሳችን ሲቀምስ፣ ጥቂት ኢንሱሊን በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ደም ይገባል፤ የደሙ ስኳር ገና ሳይጨምር ማለት ነው። ዋናው ኢንሱሊን የሚመጣው ግን ስኳሩ ደም ውስጥ ሲገባና አንጀትም የራሱን ሆርሞኖች ሲልክ ነው። ይሁንና ያ ጥቂቱ አይናቅም፤ ተመራማሪዎች የነርቮቹን መልእክት በመድኃኒት ቢያግዱ ከምግብ በኋላ የተለካው ስኳር ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲናደድ ደግሞ ሌሎች ነርቮች ኢንሱሊኑን ይይዙታል። (በገበታ ላይ መጨቃጨቅ የማይወደደው ለጨዋነት ብቻ አይመስለንም።)

ይህን ያለ ምክንያት አላነሳንም። በኢንሱሊን መርፌ የሚኖሩት እናታችን «የወጡ ሽታ ስኳሬን ያነሳብኛል» እያሉ ከማጀት ይርቁ ነበር። ሽታ ስኳር የለውም፤ ማጀታቸው አይቅርባቸው። የሚያሰጋው ሌላ ነው። ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨት ላቆመ ሰው ነርቩ ቢጣራ አቤት የሚለው የለም። በመርፌ የገባው ኢንሱሊን ደግሞ የነርቭን ትእዛዝ አይጠብቅም፤ ምግብ መጣም ቀረም ሥራውን ይሠራል። ላብ እያሰመጣቸው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ «መግሪብ ደርሷል» ብለው የሚታገሉ እናቶችና አባቶች ስንት ናቸው! ለሕመምተኛ የተሰጠው ፈቃድ ለእነርሱም ነው።

ስለዚህ ረመዷን ሳይገባ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ስለ መጾሙም፣ ስለ መርፌው መጠንና ሰዓትም መነጋገር ያስፈልጋል። በጾሙ ሰዓት መለኪያው ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ካሳየ፣ አዛን አምስት ደቂቃ ቢቀረውም ጾሙ ይፈታል።