ምስጋና በሀዋላ አይላክም፣ ግን…

ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው። አሰሪ ለሠራተኛዋ ስለምትላት «ጎበዝ»። ገና ከአሁኑ «ምስጋና ምን ያደርግልኛል፣ ደሞዜን ትስጠኝ» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። ምስጋና በሀዋላ አይላክም፣ እናቴ ጋ ደርሶ ጤፍ አይገዛም። እኔም የማወራው ከደሞዝ በኋላ ስለሚመጣው ምስጋና ነው። በደሞዝ ፈንታ የሚመጣውንማ በደንብ አውቀዋለሁ።

ቤሩት ከመጣሁ ስምንት ዓመት አልፎኛል። የመጀመሪያዋ ማዳም ገና በገባሁ ቀን «ስምሽ ለአፍ ይከብዳል» ብላ ሊና አለችኝ፤ እዚያ ቤት እስከወጣሁ ድረስ ሊና ነበርኩ። አልመታችኝም፣ አልሰደበችኝም፣ እንዲያውም አፏ ማር ነበር። እንግዳ ሲመጣ ትከሻዬን አቅፋ «ይቺ ሠራተኛ አይደለችም፣ ቢንቲ ናት፣ ልጄ ናት» ትላለች። መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። እየቆየሁ ግን አንድ ነገር አየሁ። እሁድ ልውጣ ስላት «ልጅ ከቤቷ ወዴት ትሄዳለች?» ትለኛለች። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ባንኮች ተዘግተው ዶላር ሲጠፋ ደሞዜ አራት ወር ቆመ። ስጠይቃት «አንቺ እኮ ቤተሰብ ነሽ፣ ከኛ ጋር ትታገሻለሽ» አለችኝ። ቤተሰብ ከሆንኩ ለምን ወጥ ቤት ብቻዬን እበላለሁ? በሆዴ ያዝኩት። በ2020 ክረምት ቆንስላችን በር ላይ ከነሻንጣቸው የተጣሉትን እህቶቻችንን ታስታውሳላችሁ አይደል። ከነሱ ውስጥ «ልጄ» ስትባል የኖረች የለችም ትላላችሁ?

ሕጉም ብዙ አያግዘንም። የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ የ1946 ነው፣ አንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ ያደርጋታል። በ2009 የወጣው ውል በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይላል፤ ውሉ ግን በዐረብኛ ነው፣ ስንቶቻችን አንብበን ፈረምን? ስለዚህ ብዙው ነገር በማዳሟ ጠባይ ላይ ይንጠለጠላል።

አሁን ያለሁበት ቤት ማዳም ሆስፒታል ውስጥ የነርሶች አለቃ ናት። ብዙ አታወራም፣ አቅፋኝም አታውቅም። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ደሞዜን በፖስታ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥና «ቆጥረሽ ውሰጂ» ትለኛለች። በስሜ ነው የምትጠራኝ። ሁለት ሳምንት ተለማምዳ ነው የያዘችው፣ አሁንም «ጸ» ላይ ትወድቃለች።

የምንከባከባቸው እናቷን ነው፣ ቴታ እንላቸዋለን፣ የልብ ሕመምተኛ ናቸው። አንድ ጠዋት እግራቸውን ሳጥብ ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ ካልሲው መስመር ሠርቶበት አየሁ። ለማዳም ደወልኩላት። ሐኪም ጋ ተወስደው መድኃኒታቸው ተቀየረ። ማታ ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ በቀጥታ ወጥ ቤት ገባችና «ቶሎ የደረስነው አንቺ እግሯን አይተሽ ወዲያው ስለደወልሽ ነው። እኔ ነርስ ሆኜ ትናንት ማታ አጠገቧ ተቀምጬ አላየሁትም» አለችኝ። በቃ፣ ይቺው ናት። «ጎበዝ» እንኳ አላለችኝም፤ ያደረግኩትን መልሳ ነገረችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሳያዘኝ በየጠዋቱ የቴታን እግር አያለሁ። ውሃ ሲይዛቸው ክብደታቸው እንደሚጨምር ማዳም አስረዳችኝ፣ ስለዚህ ሚዛን ላይ አወጣቸውና ቁጥሩን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ደብተሩን ሐኪሙም ያየዋል። ሊና በነበርኩ ጊዜ ወለሉ እስኪያብረቀርቅ እወለውል ነበር፣ ግን ዓይኔ ሰዓት ላይ ነበር።

ሊባኖሶች መቼም ምስጋና አያልቅባቸውም። ምግብ ስታቀርቢ «የስለሙ ኢደይኪ»፣ ስትሠሪ ካዩሽ «የአቲኪ አልአፍየ»። ለታክሲ ነጂም ለመንገድ ጠራጊም ይሉታል። ጥሩ ባህል ነው፣ የኛም «እጅሽ ይባረክ» እንደዚያው ነው። ግን ስልኳን እየነካካች የምትልሽና ዓይንሽን እያየች የምትልሽ አንድ አይደሉም። የኔዋ እንግዳ ፊት የወይን ቅጠሉን ጥቅል ማን እንደሠራው ሲጠይቋት ስሜን ትጠራለች። የማይስማማት ነገር ካለ ደግሞ እንግዳው ከሄደ በኋላ ለብቻዬ ትነግረኛለች። ለነርሶቿም እንዲሁ ናት፤ ስልክ ስታወራ እሰማታለሁ፣ ሌሊት የሠራችውን ልጅ ደውላ «የ12 ቁጥሩን ሰውዬ እንዴት እንዳረጋጋሽው ነገሩኝ» ስትላት።

ከሦስት ወር በፊት ለሌሊቱ ሥራ አንዲት ልጅ ከጅማ መጣች። ማዳም «አንቺ አሳያት» አለችኝ። አለቃ ሆንኩ ማለት ነው፣ ሳቁ እንጂ! እኛ ቤት ሰውን ፊት ለፊት ማመስገን ብዙም አልተለመደም። እናቴ ደስ ሲላት ዝም ትላለች፣ «ጎሽ የኔ ልጅ» የምትለኝ ውሃ ቀድቼ ስመጣ አያቴ ብቻ ነበረች። ልጅቷ ደግሞ በጣም ፈሪ ናት፣ ስትጠሯት ትደነግጣለች። ሁለት ሳምንት ከ«እሺ» በቀር ቃል አልወጣትም።

አንድ ንጋት ስገባ ትራስ ከቴታ ባት ስር አድርጋ ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ አንስታዋለች። ማናችንም አላሳየናትም። «ይሄን ማን አስተማረሽ? ቁስል እንዳይወጣባቸው የሚያደርገው እኮ እሱ ነው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ለካ አገር ቤት የአልጋ ቁራኛ የነበሩ አያቷን ሁለት ዓመት አስታማለች! ገላቸውን ሳያማቸው እንዴት እንደሚገለበጡ፣ ምግብ እንቢ ሲሉ እንዴት እንደሚባበሉ፣ ሁሉንም ታውቃለች። ማንም ጠይቋት ስለማያውቅ ዝም ብላ ነበር። ያን ቀን ቡና አፍልተን እስከ ረፋድ አወራችኝ። ማዳም ስትመጣ እሷው ፊት ነገርኳት፣ ማዳምም እንዴት እንደምትገለብጣቸው አሳዪኝ አለቻት።

አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር። ማዳም ልጅቷን «የዕረፍት ቀን ሦስት ወር ሲሞላሽ» ብላት ነበር። ባለፈው ሳምንት ሞላ። ፖስታዎቹን ስታስቀምጥ ሁለታችንንም አመሰገነች። «እሺ ማዳም፣ እሁዷስ?» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈው ካላንደር ላይ የልጅቷን ስም ጻፈች። በዚህ እሁድ ልጅቷ ትወጣለች፣ እኔ ከቴታ ጋር እቆያለሁ።